ድሮኔ 300 ሜትር ላይ ሲግናል ይቆርጣል፦ ከየት ልጀምር?

የቀረበልኝ ጥያቄ ባጭሩ ይህ ነው፦ «አዲስ አበባ ውስጥ የሰርግ ቪዲዮ እቀርጻለሁ። ያገለገለ ዲጄአይ ሚኒ 2 ከዱባይ ከመጣ ሰው ላይ ገዛሁ። ማስታወቂያው 10 ኪሎ ሜትር ይሄዳል ይላል፤ እኔ ጋ ግን 300 ሜትር ሳይርቅ ምስሉ መቆራረጥ ይጀምራል፣ አንዳንዴም ግንኙነቱ ጠፍቶ ራሱ ይመለሳል። ሻጩ እንደነገረኝ አንድ ጊዜ ወድቆ የፊት ክንዱ ተቀይሯል። የሲግናል ማጠናከሪያ ልግዛ? ወይስ ከተማው ከፍታ ላይ ስለሆነ ነው?»

ወንድሜ፣ ማጠናከሪያውን ለጊዜው ተወው። የከፍታውንም ነገር ከወዲሁ እንዝጋው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ መሆኗ የሚያስቸግረው ፕሮፔለሩን ነው፤ አየሩ ሲሳሳ ሞተሩ ይበልጥ መሽከርከር አለበት፣ ባትሪውም ቶሎ ያልቃል። የሬዲዮ ሞገድ ግን የአየሩ መሳሳት አይነካውም። ሚኒ 2 ከባሕር ወለል በላይ እስከ 4,000 ሜትር ድረስ እንዲበር ተደርጎ የተሠራ ነው።

ከጻፍከው ውስጥ ጆሮዬን ያቆመው «የፊት ክንዱ ተቀይሯል» የሚለው ነው። እመለስበታለሁ። ግን ካቻቪቴ ከማንሳትህ በፊት ጥፋቱ የማሽኑ ይሁን የአያያዝህ ወይም የቦታው መለየት አለብህ፤ ሦስቱም ስክሪኑ ላይ የሚያሳዩት ምልክት አንድ ዓይነት ነው። ሰው ገንዘቡን የሚያጠፋውም እዚህ ላይ ነው፦ ደህና ድሮን ያስፈታል፣ ወይም ለተበላሸ ድሮን ማጠናከሪያ ይገዛል።

በመጀመሪያ ያ 10 ኪሎ ሜትር ከየት እንደመጣ ልንገርህ። ሚኒ 2 በአሜሪካው የኤፍሲሲ ደንብ ሲሠራ በ2.4 ጊጋኸርዝ እስከ 400 ሚሊዋት ገደማ የሬዲዮ ኃይል ያወጣል፤ 10 ኪሎ ሜትር የተባለው በዚህ ነው። በአውሮፓው የሲኢ ደንብ ሲሠራ ግን ጣሪያው 100 ሚሊዋት ነው፤ ያኔ አምራቹ ራሱ የሚለው 6 ኪሎ ሜትር ነው። ሁለቱም ቁጥሮች የተለኩት ምንም ከልካይ በሌለበት፣ ሌላ ሬዲዮ በማይረብሽበት ክፍት ቦታ ነው። ቦሌ ላይ ፎቅ መሃል የሚሆነው ነገር እዚያ ውስጥ የለም።

አሁን ትንሽ ሒሳብ። የሬዲዮ ሰዎች የሲግናልን መድከም የሚቆጥሩት በዴሲቤል ነው። ሁለት ነገር ብቻ ያዝ፦ ክፍት ቦታ ላይ 6 ዴሲቤል ባጣህ ቁጥር የምትደርስበት ርቀት በግማሽ ይቀንሳል፤ 20 ዴሲቤል ካጣህ ደግሞ ወደ አንድ አስረኛ ይወርዳል። እንግዲህ ሪሞቱን አጣምመህ በመያዝህ 10 ዴሲቤል ጠፋ እንበል። ለድሮኑ ጀርባህን ሰጥተህ ስለቆምክ ሰውነትህ ሌላ 10 በላ። በመሃል ያለ የባሕር ዛፍ ቅጠል 6 ጨመረ። ድምሩ 26 ዴሲቤል ነው፤ ርቀቱ ወደ አንድ ሃያኛ ወረደ ማለት ነው። የ6 ኪሎ ሜትር አንድ ሃያኛ ስንት ነው? 300 ሜትር። ምንም ያልተሰበረ ድሮን እንዲህ አድርጎ አንተ ያልከው ቦታ ላይ ሊቆም ይችላል። ይህን የማነሳው ድሮንህ ደህና ነው ለማለት አይደለም፤ 300 ሜትር የሚለው ቁጥር ብቻውን ምንም እንደማያረጋግጥ እንድታይ ነው።

ወደ ሥራው እንግባ። በሚቀጥለው በረራህ ስክሪኑ ላይ የሚወጣውን መልእክት ቃል በቃል አንብብ፣ ቢቻል ስክሪኑን ቅረጸው። «ከፍተኛው ርቀት ላይ ደርሷል» የሚል ከሆነ ሬዲዮው ምንም አልሆነም፤ አፑ ውስጥ አንድ ሰው የርቀት ገደብ አስቀምጧል። ያገለገለ ዕቃ ላይ ይህ ያጋጥማል። የሲግናል ምልክቱ ሙሉ ሆኖ ምስሉ ብቻ የሚንተባተብ ከሆነ ተጠርጣሪው ስልክህ ወይም ከሪሞቱ ወደ ስልኩ የሚሄደው አጭር ገመድ ነው፤ ሌላ ስልክና ሌላ ገመድ አድርገህ ሞክር፣ ወጪ የለውም። ምልክቱ በእርግጥ እየወረደ፣ ምስሉ እየተቆራረጠ፣ ድሮኑ ግን ትእዛዝህን እየሰማ ከሆነ፣ እሱ ትክክለኛው የሬዲዮ ችግር ነው። ምስል ብዙ ዳታ ስለሚጭን ጠንካራ ሲግናል ይፈልጋል፤ የስቲኩ ትእዛዝ ትንሽ ስለሆነ በደካማውም ያልፋል። ስለዚህ ሁልጊዜ ቀድሞ የሚታመመው ምስሉ ነው። ምስሉም፣ ትእዛዙም፣ ጂፒኤሱም በአንድ ቅጽበት የሚጠፉበት ቦታ ካጋጠመህ ግን ጉዳዩ ከአንቴና በላይ ሊሆን ይችላል፤ እዚያ ቦታ ላይ ድጋሚ አታስነሳ።

ቀጥሎ አያያዝህን እንይ። እውነቱን ለመናገር ከሚመጡልኝ ቅሬታዎች ውስጥ አብዛኛው እዚህ ያልቃል።

የሚኒ 2 ሪሞት አንቴናዎቹ ያሉት ስልኩን ለመያዝ ወደ ላይ በምትስበው መቆንጠጫ ውስጥ ነው። አንቴና ሲግናሉን የሚረጨው ኮርኒስ ላይ እንዳለው ረጅም ነጭ የፍሎረሰንት መብራት ነው፤ ብርሃኑ የሚወጣው ከጎኑ እንጂ ከጫፉ አይደለም። ብዙ ሰው ግን ሪሞቱን እንደ ትሪ ጠፍጣፋ ይዞ የመቆንጠጫውን ጫፍ ወደ ድሮኑ ይቀስራል፤ ሲግናሉ ሲደክም ደግሞ እጁን ዘርግቶ ይበልጥ ይቀስረዋል። ያ ከሁሉም የከፋው አቅጣጫ ነው። ድሮኑ ከሩቅ፣ ከፊትህ ሲሆን ሪሞቱን ወደ አንተ አቅና፤ የስልኩ ጀርባ ሰፊው ገጽ ድሮኑን ይመልከት። ድሮኑ ከራስህ በላይ ሲሆን ግን ሪሞቱን አስተኛው። ድሮኑ ሲዞር አብረህ ዙር፤ ሙሽራውን ለማየት ዞር ብለህ ድሮኑን በጀርባህ አትተወው። የሰው ሰውነት አብዛኛው ውሃ ነው፣ ውሃ ደግሞ 2.4 ጊጋኸርዝን ይመጥጣል። ስልክህ ከጀርባው የማግኔት ብረት ወይም ቀለበት የተለጠፈበት ከሆነ አውልቀው።

የቆምክበትም ቦታ እንደዚሁ ነው። የቆርቆሮ ጣሪያ ሥር፣ የብረት ድንኳን ምሰሶ መሃል፣ መኪና ተደግፎ ማብረር ለሬዲዮ መጥፎ ነው። አንድ ሰዎች የሚስቱት ነገር አለ፦ ድሮኑን በዓይንህ ማየትህ ብቻ አይበቃም። ሞገዱ እንደ ክር ቀጭን ሆኖ አይሄድም፣ በመንገዱ መሃል ያብጣል። በ300 ሜትር ርቀት በ2.4 ጊጋኸርዝ የእብጠቱ ራዲየስ መሃል ላይ 3 ሜትር ገደማ ነው፤ በ1 ኪሎ ሜትር 5 ሜትር ተኩል ይሆናል። ስለዚህ ድሮኑ ከጣሪያው ጠርዝ በላይ በጭንቅ እየታየህ ከሆነ ግማሹ ሲግናል ጣሪያው ላይ እየተላተመ ነው። መፍትሔው ቀላል ነው፤ 10 ሜትር ከፍ አድርገው፣ ወይም አንተ ወደ ሰገነት ውጣ። ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ስትቀርጽ ደግሞ ውሃውን ታክኮ ርቆ ሲሄድ ድንገት ሊደክምብህ ይችላል፤ ከውሃው ላይ ነጥሮ የሚመጣው ሞገድ ቀጥታ ከሚመጣው ጋር እየተጣላ ነው። እዚያም ከፍ ማድረግ ይረዳል።

የሰርግ ሰው መሆንህ የራሱ ጣጣ አለው። ካሜራህ ላይ ያለው ገመድ አልባ ማይክ ምን ዓይነት ነው? እንደ ሮድ ዋየርለስ ጎ ያሉት የሚሠሩት በዚያው በ2.4 ጊጋኸርዝ ነው። ምስል ወደ ሞኒተር የሚያስተላልፉት ሆሊላንድን የመሰሉ መሣሪያዎች ብዙዎቹ በ5 ጊጋኸርዝ ክልል ይሠራሉ። አዳራሹ የራሱ ዋይፋይ አለው፣ ሦስት መቶ እንግዳ ሦስት መቶ ስልክ ይዟል፣ ከእነሱ ውስጥ ስንቱ ሆትስፖት እንደከፈተ አይታወቅም። አንዳንድ ሕንፃ ጣሪያ ላይ ኢንተርኔት ከሕንፃ ወደ ሕንፃ የሚያሻግሩ ሳህኖችም አሉ፤ ከእነሱ ፊት አትቁም። የማይክ መቀበያው ደረትህ ላይ ተንጠልጥሎ ሪሞቱን ከሱ አንድ ክንድ ርቀት ላይ ይዘህ ስታበር ጥፋቱ የድሮኑ አይደለም። ድሮን በምታበርበት ጊዜ ማይኩን አጥፋው ወይም ለረዳትህ ስጠው። የራስህንም ስልክ ዋይፋይና ሆትስፖት ዝጋ።

ስለ ፍሪኩዌንሲ ምርጫ። ዲጄአይ ፍላይ በተባለው የድሮኑ አፕ ውስጥ የማስተላለፊያ ክፍሉን ብትከፍት 2.4፣ 5.8 እና ሁለቱንም በራሱ የሚያፈራርቅ ምርጫ ታገኛለህ። እኔ በአብዛኛው በራሱ እንዲመርጥ እተወዋለሁ። ዋይፋይ በታጨቀበት አዳራሽ አጠገብ በቅርብ ርቀት ስትቀርጽ ግን 5.8 ንጹሕ ይሆንልሃል። ለርቀትና ለዛፍ 2.4 ይሻላል። እንዲያውም ድሮኑ በሲኢ ደንብ ላይ ካለ 5.8 ላይ የሚፈቀድለት 25 ሚሊዋት ብቻ ነው፤ በዚያ ላይ ፍሪኩዌንሲው ከፍ ስላለ ሲግናሉ በመንገድ ይበልጥ ይደክማል። ሁለቱ ሲደመሩ 14 ዴሲቤል ገደማ ይሆናል፤ ይህም ማለት ርቀቱ ከ2.4 አንጻር ወደ አንድ አምስተኛ ይወርዳል። የቀድሞው ባለቤት 5.8 ላይ ቆልፎት ትቶልህ ከሆነ ቀኑን ሙሉ ማጠናከሪያ ስትፈልግ ልትውል ነው። መጀመሪያ እሱን እይ። ሶፍትዌሩንም በድሮኑም በሪሞቱም ላይ አንድ ላይ አድስ፤ ከዚህ በላይ የምለው የለኝም።

አሁን ዋናው ፈተና። ፈቃድህን ይዘህ (የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር፣ የኢንሳ፣ ፈቃድ ሳይኖር ድሮን ማስነሳት የሚያመጣውን አንተም ታውቀዋለህ) ከተማውን ለቀህ ወደ ገላጣ ሜዳ ውጣ፤ ሱሉልታን የመሰለ፣ ዛፍም ምሰሶም የሌለበት። ከመነሳትህ በፊት የመመለሻውን ከፍታ በአካባቢው ካለው ረጅም ነገር በላይ አስተካክል። ግንኙነት ሲጠፋ ምን ያድርግ የሚለው ቅንብርም «ወደ መነሻ ይመለስ» ላይ መሆኑን አረጋግጥ፤ ያገለገለ ድሮን «ባለበት ይቁም» ላይ ተትቶ ከሆነ ባትሪው እስኪያልቅ አየር ላይ ቆሞ ይቀርብሃል።

ድሮኑን ወደ 30 ሜትር ከፍታ አውጣና 100 ሜትር አርቀው። ሪሞቱን በትክክል ይዘህ አንተ አትንቀሳቀስ። ከዚያ በግራው ስቲክ ድሮኑን ባለበት በዝግታ ሙሉ ዙር አዙረው፣ ዓይንህ ሲግናል ምልክቱ ላይ ይሁን። በሚኒ 2 የድሮኑ አንቴናዎች ያሉት በሁለቱ የፊት ክንዶች እግር ውስጥ ነው፤ አንዱ በግራ፣ አንዱ በቀኝ። ሁለቱም ደህና ከሆኑ ዙሩን ሁሉ ምልክቱ ብዙ አይዋዥቅም። አንዱ ከሞተ ግን የሞተው ወገን ወደ አንተ ሲሆንና የድሮኑ አካል ደህናውን አንቴና ሲጋርደው ምልክቱ ይወርዳል፤ ማዞሩን ስትቀጥል ይመለሳል። ዙሩን ወደ ግራም ወደ ቀኝም ድገመው። በእያንዳንዱ ዙር እዚያው አቅጣጫ ላይ ከወረደ ነገሩ የአጋጣሚ አይደለም። እንግዲህ ያ አቅጣጫ ከተቀየረው ክንድ ጋር ከገጠመ ፍለጋው አብቅቷል። በሁሉም አቅጣጫ እኩል ደካማ ከሆነ ደግሞ ጥርጣሬው ወደ ሪሞቱ ይዞራል፤ ሚኒ 2 ያለው ጓደኛ ካለህ የሱን ሪሞት ከአንተ ድሮን ጋር አጣምረህ መሞከር ነው። ሁሉ ደህና ከመሰለህ እስከ 400 ሜትር ግፋበት፤ ከዚያ በላይ አትሂድ፣ 249 ግራም የሆነች ነገር ከዚያ ወዲያ በዓይን መከታተል ይከብዳል። ክፍት ሜዳ ላይ ጤነኛ ሚኒ 2 በ400 ሜትር መቆራረጥ የለበትም፤ በደካማው የሲኢ ኃይል እንኳ ከ20 ዴሲቤል በላይ ትርፍ አለው።

ሜዳው ላይ ደህና ሆኖ ሰርግ ላይ የሚያስቸግርህ ከሆነ ድሮኑን አታስነካው፤ ችግሩ ከላይ የዘረዘርኩት የቦታና የአያያዝ ጉዳይ ነው። ሜዳው ላይም ከደከመ ግን ወደ ክንዱ።

ክንድ ሲቀየር ሦስት ነገር ሊበላሽ ይችላል። አንደኛው የአንቴናው ገመድ ነው፤ ክንዱ በሚታጠፍበት ማጠፊያ ውስጥ የሚያልፍ ክር የሚያህል ገመድ ነው፣ ሲገጠም ተቆንጥጦ ወይም ተሰብሮ ታጥፎ ሊቀር ይችላል። ሁለተኛው ገመዱን ከቦርዱ ጋር የሚያገናኘው ክብ ማያያዣ ነው። ከላይ ተጭኖ «ቀጭ» ብሎ መግባት አለበት፤ በደንብ ሳይገባ ከተከደነ ለጥቂት በረራ ሠርቶ በንዝረት ይላቀቃል። እነዚህ ማያያዣዎች ለ30 ያህል መግባትና መውጣት ብቻ የተሠሩ ስለሆኑ በየጊዜው የሚፈታ ሰው ያላላቸዋል። ሦስተኛው ደግሞ ክንዱ ራሱ ያለ አንቴና ተገዝቶ የድሮው አንቴና በግምት ተጎትቶ የገባበት ነው። ይህ ለእኔ ከሁሉም ይከፋብኛል፤ ከውጭ ሲያዩት አዲስ ይመስላል።

ድሮኑን ከከፈትከው በቴስተር መፈተሽ ትችላለህ። የገመዱ መሃለኛ ሽቦ ከጫፍ እስከ ጫፍ ዜሮ ኦም አካባቢ ማንበብ አለበት። መሃለኛውና በዙሪያው የተጠለፈው የውጪ ሽቦ፣ ጥልፉ፣ ግን ገመዱ ከአንቴናው ተለይቶ ሲለካ መገናኘት የለባቸውም። «ተለይቶ» ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም፤ አንዳንድ አንቴናዎች በአሠራራቸው ራሳቸው መሃለኛውን ከጥልፉ ጋር ያገናኙታል፣ ስለዚህ ከነአንቴናው ለክተህ «ሾርት አድርጓል» ብትል ደህናውን ልትጥል ነው። ገመዱ ተነቅሎ ሳለ ድሮኑን አታብራው፤ ኃይሉ መውጫ ሲያጣ ተመልሶ የማስተላለፊያውን ቺፕ ሊጎዳ ይችላል። ከዚያ በኋላ የክንድ ሳይሆን የቦርድ ወጪ ነው የሚመጣብህ። ቴስተር ይዘህ የማታውቅ ከሆነ ለባለሙያ ስጠው፤ ግን የሽክርክሪቱን ሙከራ ቪዲዮ ይዘህ ሂድ። «ሲግናል ደክሟል» ብለህ ከምትሰጠው «ቀኙ ወደ እኔ ሲዞር ይወርዳል» ብለህ ብትሰጠው የትኛውን ክንድ እንደሚከፍት ያውቃል፣ አንተም የምትከፍለውን ታውቃለህ።

እግሩ ላይ የተጨመረ ነገር ካለም አውልቀው። የሌሊት መብራት፣ ማራዘሚያ እግር፣ በተለይ ከካርቦን ፋይበር የተሠራ፤ ካርቦን እንደ ብረት ሞገድ ይጋርዳል።

ለጊዜው ተወው ስላልኩህ ማጠናከሪያ ተናግሬ ልጨርስ። በገበያ ላይ ያለው ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ መቆንጠጫው ላይ የሚሰካ የሚያብረቀርቅ መስታወት መሰል ሳህን ነው፤ ሲግናሉን በአንድ አቅጣጫ ይሰበስባል፣ የተሰበሰበው ያህል ከሌላው አቅጣጫ ይጠፋል። ድሮኑን ወደ አንድ አቅጣጫ ርቆ ለሚልክ ሰው ትንሽ ሊረዳ ይችላል፤ በሙሽሮች ዙሪያ ለሚዞር ሰው ግን ችግር መጨመር ነው። ሌላው በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማጉያ ነው። ብዙዎቹ ርካሾቹ የሚያጎሉት ከሪሞቱ ወደ ድሮኑ የሚሄደውን ትእዛዝ ብቻ ነው። ያንተ በሽታ ግን ከድሮኑ ወደ አንተ የሚመጣው ምስል ነው፤ የማይታመመውን አክመህ የታመመውን ትተኸዋል ማለት ነው። በዚያ ላይ ከተፈቀደው ኃይል በላይ ማውጣት የሬዲዮ ሕግ መጣስ ነው። ድሮኑን በግድ ወደ ኤፍሲሲ የሚቀይሩትንም አፖች በዚሁ አትነካካቸው፤ በ2.4 ላይ የሚጨምሩልህ ቢበዛ 6 ዴሲቤል ነው፣ የተነቀለ ገመድ ደግሞ በ6 ዴሲቤል አይድንም።

ሜዳ ደርሰህ ስትመለስ ሦስት ነገር ጻፍልኝ፦ ስክሪኑ ላይ የወጣውን መልእክት፣ ድሮኑ ሲዞር ምልክቱ የወረደበትን ወገን፣ የተቀየረውስ ክንድ ግራው ነው ቀኙ።